ፕለጊን ስትመርጡ ባለቤቱን እዩ፤ ስታጋሩ ስሙን እንጂ ፋይሉን አታጋሩ

እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ በዎርድፕረስ (ብሎግና ድረ-ገጽ መስሪያ ሶፍትዌር ነው) የተሰሩ ድረ-ገጾች «ዲስፕሌይ ዊጀትስ» የሚባል ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም፣ ይጠቀሙ ነበር። ስራው ቀላል ነው። ከገጹ ጎን የምናስቀምጣቸው ሳጥኖች የትኛው ገጽ ላይ እንደሚታዩ፣ የትኛው ላይ እንደሚደበቁ ይወስናል። በዚያው ዓመት የሰሩት ሰዎች ሸጡት። አዲሱ ባለቤት በአፕዴት ስም የራሱን ኮድ አስገባበት። ኮዱ በሰው ብሎግ ላይ ባለብሎጉ ያልጻፈውን የማስታወቂያ ጽሑፍ ያወጣል። የከፋው ደግሞ ጽሑፉ በይለፍ ቃሉ ለገባ ሰው አይታይም። ባለብሎጉ በየቀኑ ገጹን ይከፍታል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። አንባቢው ሲከፍተው ግን ሌላ ነገር ያያል። ፕለጊኑ ሰው ፕለጊን ከሚያወርድበት የዎርድፕረስ ማከማቻ ተነሳ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተነሳ። ነገሩ ያበቃው ለአራተኛ ጊዜ ሲነሳ ነው።

ፕለጊኑን የጫኑት ሰዎች ያጠፉት ነገር የለም። ሲጭኑት ጥሩ ፕለጊን ነበር። ከሆነ ቦታ «ይሄን ሞክሩት» የሚል ምክር አይተው የጫኑትም አይጠፉም። ምክሩ በተጻፈበት ቀን ትክክል ነበር። እኛ ጋም ፕለጊን የምንጠቋቆመው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለብሎግ የሚሆን ምርጥ ፕለጊን ጠቁሙኝ» ይላል። ሌላው አስራ አምስት ስም ይደረድርለታል። ጠያቂው ሁሉንም ይጭናል። ምን እንደሚሰሩ ይነገረዋል። ማን እንደሚሰራቸው፣ ዛሬስ የሚንከባከባቸው ሰው አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄኛው ነው።

ምክንያቱም ዎርድፕረስ ላይ አንዴ የተጫነ ፕለጊን ልጓም የለውም። ስልክ ላይ አፕ ስንጭን «ካሜራ ልጠቀም ወይ? ያለህበትን ቦታ ልይ ወይ?» ይባላል። ዎርድፕረስ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ፕለጊኑ የድረ-ገጹ መረጃ የተቀመጠበትን ዳታቤዝ ያነባል፣ አዲስ አድሚን (የድረ-ገጹ ሙሉ አዛዥ) ይፈጥራል፣ ፋይል ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ወደ ውጭ መረጃ ይልካል። ትልቅ ሆነ ትንሽ ለውጥ የለውም። አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ፕለጊንና ሙሉ የኦንላይን ሱቅ የሚያንቀሳቅሰው ውኮመርስ ስልጣናቸው እኩል ነው። ቤታችን ሰራተኛ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን፤ ያውም ለአንድ ክፍል ቁልፍ። ሙሉ ቤቱን ለምንሰጠው ፕለጊን ግን ስሙንም በቅጡ ሳናነብ «ኢንስቶል» እንላለን።

ታዲያ ዋሱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስንት ሰው እንደጫነው ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል፤ ዋስ ግን አይሆንም። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. «ፋይል ማኔጀር» የተባለው ፕለጊን ከ700 ሺህ በላይ ድረ-ገጾች ላይ ነበር። ለናሙና የተቀመጠ አንድ ፋይል ስሙ ተቀይሮ ከፕለጊኑ ጋር አብሮ ወጣ። በዚያች ፋይል በኩል ማንም ሰው፣ የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው፣ የፈለገውን ፋይል ድረ-ገጹ ያለበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ መጫን ቻለ። በነሐሴ 2024 ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ ድረ-ገጾች የሚጠቀሙበት «ላይትስፒድ ካሽ» ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ፕለጊኑ ለራሱ ስራ የሚፈጥረው የሚስጥር ምልክት ሊሆን የሚችለው 1 ሚሊዮን ዓይነት ብቻ ነበር። ለሰው ብዙ ይመስላል። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን ሞክሮ ትክክለኛውን ለማግኘት ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ያገኘው ሰው አድሚን ነኝ ብሎ ይገባል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ 4 ሚሊዮን ድረ-ገጾች የጫኑት «ሪሊ ሲምፕል ሴኩሪቲ» ተራው ደረሰው። ይሄ እንግዲህ ራሱ የደህንነት ፕለጊን ነው። ቀዳዳው የተገኘውም ድርብ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ መለያ የሚጠይቀውን) በሚሰራው ክፍሉ ላይ ነበር።

እነዚህን የማነሳው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ሦስቱም ፕለጊኖች ዛሬም አሉ፣ ሰውም ይጠቀማቸዋል። ያተረፋቸው ቀዳዳው እንደታወቀ የሚደፍን ሰው መኖሩ ነው። ፋይል ማኔጀር ጥቃቱ በታወቀበት ቀን ማስተካከያ አወጣ። ለሪሊ ሲምፕል ሴኩሪቲ ደግሞ ዎርድፕረስ ራሱ ማስተካከያውን በግዴታ ወደ ድረ-ገጾቹ ላከ። ቀዳዳ የማይገኝበት ሶፍትዌር የለም። ልዩነቱ ሲገኝ ስልክ የሚያነሳ ሰው መኖሩ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ፕለጊን ገጹን ስትከፍቱ ቁልቁል ውረዱ። መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ሁለት ዓመት ካለፈው ተዉት። ከቅርቦቹ ሦስት ዋና ዋና የዎርድፕረስ እትሞች ጋር ካልተሞከረ ማከማቻው ራሱ ከላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፍበታል፤ ያን አትዝለሉት። ቀጥሎ የድጋፍ ገጹን ክፈቱ። ሰዎች ሲጠይቁ የሚመልስ አለ? ወይስ ጥያቄው ብቻ ተከምሯል? የኮከቡን አማካይ ትታችሁ በቅርብ ወራት የተሰጡትን ባለ አንድ ኮከብ አስተያየቶች አንብቡ። «ከመጨረሻው አፕዴት በኋላ ማስታወቂያ አመጣብኝ» የሚል ሲደጋገም ካያችሁ፣ ፕለጊኑ እጅ ሳይቀይር አልቀረም። የለውጥ ዝርዝሩም ብዙ ይናገራል። «ጥቃቅን ማስተካከያ» ብቻ እያለ የሚያልፍ ሰሪና ምን እንደነካ በግልጽ የሚጽፍ ሰሪ አንድ አይደሉም።

የባለቤት ነገር እላይ ድረስ ይሄዳል። ዎርድፕረስን እ.ኤ.አ. በ2003 ከማይክ ሊትል ጋር የጀመረው ማት ሙለንዌግ በ2024 የዎርድፕረስ ድረ-ገጾችን ከሚያስተናግደው ድርጅት ከ«ደብልዩፒ ኢንጂን» ጋር ተጣላ። ጠቡ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚህ መሃል በጥቅምት ወር ደብልዩፒ ኢንጂን የሚያስተዳድረውን «አድቫንስድ ከስተም ፊልድስ» የዎርድፕረስ ማከማቻ ወሰደው፣ ስሙንም ቀየረው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ድረ-ገጾች የሚጠቀሙበት ፕለጊን ነው። አውቶማቲክ አፕዴት የከፈተ ሰው አንድ ቀን ሲነሳ የሌላ ሰው ፕለጊን ተጭኖለት አገኘ። በታኅሣሥ የካሊፎርኒያ የፌደራል ፍርድ ቤት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ አዘዘ። ማን ትክክል ነው የሚለውን እዚህ አልፈርድም። ተጠቃሚውን ግን ማንም እንዳልጠየቀው ልብ በሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ቁጥሩን መቀነስ ነው። እያንዳንዱ ፕለጊን አንድ ተጨማሪ የማናውቀው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የምንፈልገው ነገር ዎርድፕረስ ውስጥ አለ። ጉግል የሚያነበው የገጾች ዝርዝር ከ2020ው 5.5 እትም ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ምስል አንባቢው ሲደርስበት ብቻ እንዲከፈት ማድረግም ከዚያው እትም ጀምሮ አለ። ሰንጠረዥ፣ አዝራር፣ የፎቶ ስብስብ፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ ማስገባት ኤዲተሩ ራሱ ይሰራዋል። ለእነዚህ አምስት ፕለጊን የጫነ ብሎግ ብዙ ነው።

ለአንድ ተራ ብሎግ የግድ የምለው መጠባበቂያ ነው። «አፕድራፍትፕላስ» ነጻው እትሙ ቅጂውን በቀጥታ ወደ ጉግል ድራይቭ ይልካል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ቅጂ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቅጂው በትክክል መመለሱን አንድ ቀን ሞክሩት። አስተያየት ክፍት ከሆነ ቆሻሻውን የሚያጣራ ያስፈልጋል። «አኪስሜት» የቆየ ነው፤ «አንቲስፓም ቢ» ደግሞ አካውንት ክፈቱ ሳይል ይሰራል። የተዘጋጀ የገጽ ቅጂ አስቀምጦ ፍጥነት የሚጨምር፣ ካሽ የሚባል ፕለጊን አንድ ብቻ ምረጡ። ሁለት ካሽ አንድ ላይ ሲጫኑ ይጣላሉ፣ ገጹም ይበላሻል። የትኛው የሚለው ድረ-ገጻችሁን በሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት፣ በሆስቲንጉ ይወሰናል። ሰርቨሩ ላይትስፒድ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሰራ ካልሆነ የላይትስፒድ ካሽ ዋና ጥቅሙ አይሰራም፤ «ደብልዩፒ ሱፐር ካሽ» ይሻላል። የማትጠቀሙበትን ደግሞ ማጥፋት ማለት ዲአክቲቬት ማድረግ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ሰርዙት። ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ በአንዳንድ ቀዳዳ በኩል ሰርጎ ገብ በቀጥታ ሊደርስበት ይችላል።

የማጋሪያ አዝራር ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ለፌስቡክና ለቴሌግራም አዝራር ብለን ብቻ ትልቅ ፕለጊን እንጭናለን። «ሶሻል ዋርፌር» እንዲህ ያለ ነበር። በመጋቢት 2019 ቀዳዳው ተገኝቶ ጥቃት ደረሰበት። በሰኔ 2024 ደግሞ ሰርጎ ገቦች የሰሪዎቹን አካውንት ይዘው የተበከለ አፕዴት አወጡበት። በዚያ ሰሞን ሌሎች ፕለጊኖችም ተመሳሳይ ነገር ደረሰባቸው። መነሻው ሰሪዎቹ ሌላ ቦታ ተሰርቆ የወጣ የይለፍ ቃል እዚህም መጠቀማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዎርድፕረስ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የፕለጊን ሰሪዎች በሙሉ ድርብ ማረጋገጫ እንዲያደርጉ ያስገደደው። የቴሌግራም ማጋሪያ እኮ አንድ ሊንክ ነው። ፕለጊን አይፈልግም። አዝራሩ ከውጭ የሚጎትተው ኮድ ደግሞ በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ሂሳብ ነው። ፓኬጁን የሚከፍለው አንባቢው ነው።

አሁን ርዕሱ ላይ አታጋሩ ወዳልኩት ፋይል ልምጣ። ብዙ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ የሚከፈልባቸው ፕለጊኖች በዚፕ ፋይል በነጻ ይለቀቃሉ። ክራክ የተደረገ፣ «ፕሪሚየም በነጻ» የሚባለው ነው። ሰው ለምን እንደሚያወርደው ይገባኛል። ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ካርዱ አይሰራም፣ ምንዛሪው አይቀመስም። የፍቃዱ ነገርም እንደሚመስለን አይደለም። ማከማቻው ውስጥ ያሉ ፕለጊኖች ጂፒኤል ከሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፍቃድ ጋር በሚስማማ ፍቃድ የተለቀቁ ናቸው። ከሚከፈልባቸውም ብዙዎቹ እንደዚያው። ጂፒኤል ኮዱን መገልበጥና ማካፈልን ይፈቅዳል። ስለዚህ «ሌባ» እያልኩ ሰው የምሰድብበት ምክንያት የለኝም።

ጥያቄው ዚፑ ውስጥ ያለው ነገር ማን ነክቶታል የሚለው ነው። «ደብልዩፒ-ቪሲዲ» የሚባለው ቫይረስ ለዓመታት የተሰራጨው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዎርድፌንስ የተባለው የደህንነት ድርጅት ስለ እሱ ሰፊ ዘገባ አውጥቷል። አሰራሩ ይህን ይመስላል። ሰውየው የሚከፈልበት ቴም (የድረ-ገጹን መልክ የሚወስነው) ወይም ፕለጊን በነጻ ያወርዳል። ሲጭነው ቫይረሱ በዚያው ድረ-ገጽ ላይ ወዳሉት ሌሎች ቴሞች ሁሉ ይገለበጣል። በአንድ ሆስቲንግ ላይ ብዙ ድረ-ገጽ ካለው ወደ እነሱም ይሻገራል። ከዚያ ማስታወቂያ ያወጣል። በተበከሉት ድረ-ገጾች ላይ ደግሞ ነጻውን ዚፕ ወደሚያድሉት ገጾች የሚወስድ ሊንክ ይተክላል። ጉግል እነዚያን ሊንኮች ሲያይ አዳዮቹን ከፍ ያደርጋቸዋል። ቀጣዩ ሰው ሲፈልግ እነሱን መጀመሪያ ያገኛል። ማለትም የተበከለው ብሎግ ራሱ ለቀጣዩ ተጠቂ ደላላ ይሆናል።

ዚፑ ንጹህ ቢሆን እንኳን አፕዴት አይመጣለትም። ላይትስፒድ ላይ እንዳየነው ያለ ቀዳዳ የተገኘ ቀን ሌላው ሰው ይታደሳል፤ እናንተ ጋ ያው አሮጌው ይቀመጣል። ለወዳጅ ዚፕ መላክ ቸርነት ይመስላል። ግን ሃላፊነቱን የሚወስድ ሰው የሌለበት ነገር ነው የምታቀብሉት። ገንዘብ ከሌለ ነጻውን እትም መጠቀም ይቻላል። አብዛኛው ብሎግ ከነጻው አልፎ የሚፈልገው ነገር የለም። የግድ ከሆነ ደግሞ ለብዙ ድረ-ገጽ የሚሆን ፍቃድ የሚሸጡ አሉ። ሦስት አራት ብሎገር ተሰባስቦ፣ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ከፍሎላቸው፣ በውሉ መሰረት መካፈል ይችላሉ።

ስታጋሩ የፕለጊኑን ስምና የማከማቻ ሊንኩን ስጡ። ከዚያ ልምዳችሁን ጨምሩበት። ምን ችግር ገጥሟችሁ ጫናችሁት? የትኛውን ምርጫ አበራችሁ፣ የትኛውን አጠፋችሁ? ከምን ጋር ተጣላባችሁ? መቼ ነው የጻፋችሁት? ቀን የሌለው ምክር እንደ ዲስፕሌይ ዊጀትስ ዓይነቱን ወጥመድ ለሰው ያስረክባል። ሰው «ምርጥ አስር» ከሚል ዝርዝር ይልቅ አንድ ፕለጊን በደንብ የተነገረበት አጭር ጽሑፍ ይጠቅመዋል። የተዋችሁትንም ንገሩ። «ይሄን ለአንድ ዓመት ተጠቅሜ በዚህ ምክንያት ሰረዝኩት» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ማግኘት ብርቅ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። የውጭ ዝርዝሮች ላይ የምናገኛቸው ፕለጊኖች የእኛን ፊደል ታሳቢ አድርገው አልተሰሩም። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። «የአዲስ አበባ የመኪና ማቆሚያ ችግርና መፍትሄው» የሚል ርዕስ ሰጣችሁ እንበል። ዎርድፕረስ ርዕሱን ወደ አድራሻ ይቀይረዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ሦስት ባይት ነው። አድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄ ይጻፋል። ስለዚህ አንዱ ፊደል 9 ቦታ ይይዛል። ዎርድፕረስ ለዚህ የፈቀደው 200 ቦታ ብቻ ነው። ሒሳቡ ሲሰራ ከ22 ፊደል አይበልጥም። የርዕሳችሁ አድራሻ «ችግርና» ላይ ያልፍና «መፍ» ላይ ይቆረጣል። መፍትሄው ጠፋ ማለት ነው። ሊንኩን ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ደግሞ መቶኛ ምልክት የተሞላ ረጅም ዝባዝንኬ ይሆናል። አንባቢ ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ለዚህ ፕለጊን አያስፈልግም። ከማተማችሁ በፊት አድራሻውን በእጃችሁ በሁለት ሦስት የላቲን ቃል ጻፉት፣ ወይም ከሴቲንግ ውስጥ በቁጥር እንዲሆን አድርጉ።

የጽሑፍ ቅንጫቢውም እንዲሁ ነው። ዎርድፕረስ ለመግቢያ የሚቆርጠው የመጀመሪያዎቹን 55 ቃላት ነው። ቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ነው። በሁለት ነጥብ ብቻ የሚለያይ፣ ባዶ ቦታ የሌለው የቆየ አጻጻፍ ከለጠፋችሁ ሙሉ አንቀጹ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። መንፈሳዊ ጽሑፎችን በጥንቱ ወግ የሚያወጡ ብሎጎች ላይ መግቢያው እንደ ዝርግፍ የሚታየው በዚህ ነው። ቀኑም የእኛ አይደለም። ፋርስኛ ጸሐፊዎች ይህ ሲቸግራቸው የራሳቸውን የቀን መቁጠሪያ ወደ ዎርድፕረስ የሚያስገባ «ፓርሲ ዴት» የሚባል ፕለጊን ሰርተው በነጻ አከማቹት። የእኛን ካላንደር ማስላትም ከባድ አይደለም። ዎርድፕረስ የተጻፈበት ፒኤችፒ የሚባለው የኮድ ቋንቋ ያለው የቋንቋ ማስፋፊያ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ያውቃል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ፍለጋው ነው። እናንተ «ፀሐይ» ብላችሁ ጽፋችኋል። አንባቢው ሳጥኑ ውስጥ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። ዎርድፕረስ ፊደል በፊደል ስለሚያወዳድር «አልተገኘም» ይለዋል። ጽሑፉ አለ፣ አንባቢው መጥቷል፣ ሳይገናኙ ይለያያሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በሁለታችንም አጻጻፍ ስለሚቀያየሩ ይህ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው። መፍትሄው ትንሽ ነው። ጽሑፉ ሲታተም ተመሳሳይ ድምጽ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተቀይረው የተደበቀ ቅጂ ይቀመጣል። አንባቢ የሚጽፈውም ቃል በዚያው ደንብ ይቀየርና ከቅጂው ጋር ይወዳደራል። ዋናው ጽሑፍ አይነካም። ፒኤችፒ የሚችል አንድ ተማሪ በእረፍቱ ሊጀምረው ይችላል። ማከማቻው ለማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኮዱን የሚመረምሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኮድ የማይችል ሰው ደግሞ በዎርድፕረስ የትርጉም ገጽ ገብቶ የሚወደውን ፕለጊን ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ይችላል። የፍለጋውን ፕለጊን የጀመረ ሰው ካለ ዚፑን ቻናል ላይ ከመልቀቁ በፊት ማከማቻው ውስጥ ያስገባው፤ እኔ ለመሞከር ዝግጁ ነኝ።